ለአራሷ የታሸገው ቤት

ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ
የካቲት ፰ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወለተጊዮርጊስ፤
ደሴ።

ይህን ወረቀት ስትከፍቺ መነጽርሽ በእጅሽ፣ ጉልበትሽም ከሕመሙ ያረፈ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ባስልዮስ ደኅና ነው፤ ሥራ ይበዛበታል እንጂ። የልጅ ልጃችን አክሱማዊት እጅግ ደኅና ናት፤ ትናንት አባቷ ሊስማት ጎንበስ ሲል በእግሯ አገጩን መታችውና ቤቱን ሁሉ አሳቀችን። ሊናም ደኅና ናት። የሊናን ስም በመጨረሻ ያኖርኩት አሳንሻት አይደለም፤ ደብዳቤው በሙሉ ስለ እርሷ ስለሆነ ነው።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ዓለምጌጥ ትባላለች። ኧርቪንግ አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ከባስልዮስ ጋር የምትሠራ የኮምቦልቻ ልጅ ናትና ደኅና አድርገሽ አስተናግጃት። በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት፣ በደወልኩ ቁጥር ልጃችን ከአጠገቤ ስለማይርቅ ነው። የምጽፍልሽ ነገር ደግሞ እርሱ የማያውቀው ነው።

ባለፈው እሑድ ባስልዮስ በቤታችን የደረሰውን በግማሹ ነገረሽ። ሊና የማሞቂያውን መተንፈሻ ራሷ ሸፍና ቤቱ በመርዝ እንደተሞላ፣ ከዚያም ጨቅላዋን አቅፋ በረዶ ላይ እንደወጣች ሰማሽ። አንቺም፣ «አራስ ሆና ሕፃን ይዛ በረዶ ላይ የምትቆም ሴት እናት አትባልም፤ የእርሷን ደጃፍ አልረግጥም፤ ክርስትናውንም ያለ እኔ አድርጉት» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ሊና ከመኝታ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ ድምፅሽ እንደምታውቂው ከስልክ ውጭ ይሰማል።

እንግዲህ የቀረውን ግማሽ እኔ ልንገርሽ።

ልጆቹ የገዙት ቤት ከከተማው በስተምዕራብ ወጣ ብሎ፣ የጋዝ መስመር ባልደረሰበት ሜዳ ላይ ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ሊና ያደገችው ሌክ ሃይላንድስ በተባለው ሰፈር፣ የጎረቤት ሳል በግድግዳ በሚሰማበት ፎቅ ውስጥ ስለነበር፣ ግቢ ያለው ቤት ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኝ ነበር አሉ። የቀድሞው ባለቤት ከሰሜኑ የብርድ አገር የመጣ ሰው ነበርና በአገሩ ልማድ በናፍታ የሚነድ ማሞቂያ አስተክሎ ሞተ። የዚህ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ በዚህ ሞቃት አገር ናፍታ አንድዶ የሚሞቅ የለምና። ማሞቂያው በኮሪደሩ መካከል ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሟል፤ ቁመቱ የእኛን ቁምሳጥን ያህላል፤ ጭሱን በቆርቆሮ ቧንቧ ወደ ጣሪያ ይልካል። የክፍሏ በር ከላይና ከታች እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ በጀርባዋ ባለው ግድግዳም ወደ ውጭ የተከፈተ ቀዳዳ አለ። እኔ በመጣሁ ሰሞን፣ ይህን ሁሉ ቀዳዳ አናጢው ሳይደፍነው ረስቶት የሄደ መስሎኝ ነበር።

አክሱማዊት በገና ሰሞን ስትወለድ፣ ሊናን በስልክ ላገናኝሽ ብዬ ለመንኩሽ። እምቢ አልሽ። ልጁ ሽማግሌ ሳይልክ አገባ ብለሽ፣ «በፎቶግራፍ የዳርኩት ልጅ የለኝም» ብለሽ፣ ቪዛሽ በእጅሽ እያለ ከጉዞው የቀረሽበትን ምክንያት ደገምሽልኝ። ይሁን እንጂ ወለተጊዮርጊስ፣ እርሷን ለማናገር እምቢ ያልሽው ሴት፣ እኔን ግን ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ አዘዝሽኝ። ገንፎው እንዳይጎረብጥ፣ ቅቤው እንዳያንስ፣ አብሹ እንዳይረሳ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነፋሱ። «የአራስ ቤት ቀዳዳ አይኖረውም። ነፋስ ከመታት በአንተ ነው የማየው» አልሽኝ። ያኮረፈች አማት እንዲህ አትጨነቅም ብዬ በልቤ ደስ አለኝ፤ ትእዛዝሽንም ቃል በቃል ፈጸምኩት።

አራሷን የምታርሳት ወይዘሮ ታደለች ናት። በሎተሪ የመጣች የጎንደር ሴት ናት፤ የመጋዘን ሥራዋ ማታ ስለሆነ ቀን ቀን እየመጣች ትረዳናለች። ትእዛዝሽን ስነግራት አንድም ሰከንድ አላመነታችም። የመስኮቱን ጠርዝ በሙሉ በቴፕ ለጠፈች። በየበሩ ሥር ፎጣ ጠቀጠቀች። ከዚያ በማሞቂያው ክፍል በር ፊት ቆማ ወገቧን ያዘች።

«ጋሼ፣ ይኸ ደግሞ ምን ጉድ ነው? በር ላይ ወንፊት!»

«የአየር መግቢያ ይሆናል» አልኳት።

«የብርድ መግቢያ ነው እንጂ! ብረት ምን ትንፋሽ አለውና ነው?»

አባባሏ አሳማኝ ሆኖ ታየኝ። እኔ ወንበሩን ያዝኩ፤ እርሷ ወጥታ የበሩን ወንፊት በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈነችው፤ የውስጡንም ቀዳዳ በጨርቅ ደፈነችው። ብርድ ልብሱ ለዓይን እንዳይከፋ ብላ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰቀለችበት። ወርዳ እጇን አራገፈችና፣

«አሁን እንግዲህ ትንኝ እንኳ በቪዛ ነው የምትገባ!» አለች።

እኔም ሳቅሁ። ባስልዮስ ጨለማ ሳለ ወጥቶ ከመሸ ስለሚመለስ መጋረጃውን ለጌጥ የተሰቀለ መሰለው። ሊና ደግሞ መታጠቢያው ከመኝታ ቤቷ ውስጥ ስለሆነ ወደ ኮሪደር አትወጣም፤ ልውጣ ብትልም ታደለች አታስወጣትም። በራሷ መስኮት ላይ የተለጠፈውን ቴፕ አይታ፣ «አባባ፣ በፖስታ አሽገው ሊልኩኝ ነው?» ብላ ብቻ ቀለደች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ታደለችን ራሷን ይወቅራት ጀመር፤ ምች ነው አለች። እኔንም ያዞረኝ ነበር፤ ዕድሜ ነው አልኩ። ሕፃኗ ደግሞ እንቅልፍ አበዛች። በስልክ፣ «ጸባየኛ ናት፤ ድምፅዋም አይሰማ» ብዬ ስነግርሽ፣ «አያቷን መስላ ነው» ብለሽ እንዳስደሰትሽኝ ታስታውሻለሽ። ያንን ቀን ሳስበው አሁንም ተነሥቼ የሕፃኗን ትንፋሽ አዳምጣለሁ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ዝናቡ መሬት ሲነካ በረዶ እየሆነ መንገዱ ሁሉ መስታወት መሰለ። ባስልዮስ ከአውሮፕላኖቹ ላይ በረዶ ለማራገፍ ተይዞ እዚያው አድሮ ነበር። በረፋዱ ታደለች ገንፎ ታገነፋለች፤ ጭስ የሚስበው የማዕድ ቤቱ ፋን ይጮኻል፤ ማሞቂያውም ብርዱ ስለበረታበት ሳያርፍ ይነድዳል። እኔ ግንባሬን በእጄ ደግፌ ተቀምጫለሁ። ድንገት ሊና ሕፃኗን አቅፋ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ብቅ አለች።

ሥራዋን «ስልክ ማንሣት» ብለሽ የተሳለቅሽበትን ታስታውሻለሽ። በዚህ ከተማ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁ የታነቀበት፣ አባቱ የወደቀበት ሰው ሁሉ ሲደውል መጀመሪያ የሚሰማው የእርሷን ድምፅ ነው። ያን ቀን እኔም ያንን ድምፅ ሰማሁት።

«አባባ፣ ራስዎን ያምዎታል?»

«ጥቂት ነው ልጄ፤ የዕድሜ ነው።»

«ታዱዬ፣ አንቺስ?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው። ምች ነው አልኩሽ።»

«ያቅለሸልሽሻል?»

«ኧረ አንቺ ልጅ! አጠያየቅሽ ያረገዝኩ አስመሰለኝ!»

ሊና አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ጠዋት ጠዋት ዎክ ሲያደርጉ፣ ማለቴ፣ ውጭ ሲሆኑ ይሻልዎታል?»

ከዚያ በፊት አስቤው የማላውቅ ነገር ነበር። «ይተወኛል» አልኳት።

በሕፃኗ ፊት ላይ እፍ አለች። ሕፃኗ አልነቃችም። ጉንጯን ነካ ነካ አደረገቻት። አልነቃችም።

«ሁላችንም እንወጣለን። አሁን።»

«በረዶ ነው'ኮ!» አለች ታደለች፣ ማማሰያውን እንደያዘች። «አራስ አይደለሽም እንዴ! ነፋስ ይመታሻል!»

«ይምታኝ» አለች ሊና።

ምድጃውን አጠፋችው። በኮሪደሩ ስታልፍ ማሞቂያውን የሚያቆመውን ቀዩን ማብሪያ ማጥፊያ ተጫነች፤ መጋረጃውን በአንድ እጇ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ብርድ ልብሱን ስታይ መልሳ ለቀቀችው። እኔ በአረጋዊ ልማዴ ባርኔጣዬን ፍለጋ ወደ ክፍሌ ስመለስ፣ ከኋላዬ «አባባ ና! ውጣ! ና ውጣ!» ስትል ሰማሁ። «አንተንና አንቱን ታምታታለች» እያልኩ በየደብዳቤዬ ያማረርኩልሽ ሰው፣ በዚያች ሰዓት «አንተ» መባሌን የተረዳሁት ደጅ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ስለ አንቱታ አንሥቼባት አላውቅም።

ግቢ ውስጥ የቆመውን መኪና አስነሥታ እኔንና ታደለችን አስገባችን። ታደለች በሩን መልሳ ከፈተች።

«ገንፎዬ! ምድጃው ላይ ነው!»

«ኖ! ማንም አይገባም! ይረር!»

እርሷ ግን መኪናው ውስጥ አልገባችም። በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ቆማ፣ የሕፃኗን ፊት ገልጣ ወደ ነፋሱ መለሰችው። ወለተጊዮርጊስ፣ እኛ ያን ያህል የሸሸነውን ነፋስ እርሷ ልጇን አቅፋ ፊት ለፊት ተቀበለችው። ጀርባዋን እያሸች፣ «ማሚዬ፣ አልቅሺ፣ እባክሽ አልቅሺ» ትላታለች። ሕፃኗ ቆይታ ቆይታ አለቀሰች። ስታለቅስ እናቷም አብራት አለቀሰች። እንባዋ እየወረደ ግን በሌላው እጇ በያዘችው ስልክ ለባልደረቦቿ ስንት ሰዎች እንደሆንን፣ ዕድሜያችንን፣ ምን እንደሚሰማን በጠራ ድምፅ ትናገር ነበር። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ የሚችል ሰው በዘመኔ አላየሁም።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መጡ። አንደኛው በእጁ የያዘው መለኪያ ገና ከበሩ ሳያልፍ ጮኸ። ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ፍም ሰውን በእንቅልፉ የሚወስድበት ያው የምናውቀው ነው። አለቃቸው ብርድ ልብሱን አንጠልጥሎ ወጣና ይህን ማን እንደሸፈነው ጠየቀ። ጥያቄው ገባኝ። የመኪናውን በር ከፍቼ ልነሣ ስል ሊና ቀድማ በእንግሊዝኛ መለሰች፤ መልሱም ገባኝ። «እኔ ነኝ፤ በረደኝ» ነው ያለችው። ታደለች አፏን በእጇ ያዘች።

ሐኪም ቤት ለሁላችንም አየር ሰጡን። ሕፃኗን የመረመረው ሐኪም፣ «እናትየዋ እስከ ምሳ ሰዓት ብትጠብቅ ኖሮ አሁን የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበር» አለኝ። በአምላክ ቸርነት ሁላችንም ድነን ወጣን፤ ማሞቂያው እስኪጠገንም ሆቴል ሰነበትን።

ከቀናት በኋላ በናፍታ የሚነድ ማሞቂያ የሚያውቅ ባለሙያ ከሩቅ ከተማ ተፈልጎ መጣ። የሆነውን ሊና እየተረጎመች አስረዳችኝ። እሳቱ ለመንደድ አየር ይፈልጋል፤ የደፈንነው ቀዳዳ ሁሉ የእርሱ መተንፈሻ ነበር። ቤቱ ተጠርቅሞ ሳለ የማዕድ ቤቱ ፋን አየር ወደ ውጭ ሲስብ፣ በምትኩ የሚገባ አየር ስለጠፋ በጭስ ማውጫው በኩል ቁልቁል ተሳበ፤ ጭሱም አብሮ ወደ እኛ ተመለሰ። የደሴ ቤታችን በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ራሱ ይተነፍሳል፤ እዚያ መስኮት ብንዘጋ ክፋት የለውም። ይህ ቤት ግን ከተሰጡት ቀዳዳዎች በቀር ሌላ መተንፈሻ የለውም። ስለዚህ ትእዛዝሽ ለእኛ ቤት ትክክል ነበር፤ ለዚህኛው ነው ያልሆነው። ይህን የምጽፈው ልብሽ እንዲያርፍ ነው።

ባለሙያው ጥላሸቱን ጠርጎ፣ የዛገውን ቧንቧ ቀይሮ፣ ለእሳቱ አየር ከውጭ በቀጥታ የሚያመጣ ሌላ ቧንቧ ተከለ። በመኝታ ቤቶቹ አጠገብም ያን መርዝ ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ ሰቀለ። ሊና በዚህ አልለቀቀችውም። በሮቹን አስዘጋች፤ ፋኑን አስነሣች፤ ማሞቂያውን አስነደደች፤ ከዚያ «አሁን አሳየኝ» አለችው። ሰውየው ጭስ የምታወጣ ቀጭን እንጨት ለኩሶ ከቧንቧው አጠገብ ያዘ፤ ጭሷም ወደ ቧንቧው ገብታ ወደ ላይ ሄደች። «አንድ ጊዜ ይድገሙት» አለች። ደገመው። ከዚያ በኋላ ነው ሕፃኗን ወደ ቤት ያስገባችው።

ባስልዮስ ተቆጣ። የአባትነት ቁጣ ነውና አልፈረድኩበትም።

«ሊና፣ እንዴት? ማለቴ፣ አንቺ'ኮ በየቀኑ ለእንዲህ ዓይነት ኮል መልስ የምትሰጪ ሰው ነሽ! እንዴት ብሎክ ታደርጊዋለሽ?»

«ኦኬ፣ ሶሪ። በረደኝ አልኩህ'ኮ።»

እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ ሊና በዓይኗ ገሠጸችኝ። ሁለት ጊዜ ልናገር ስል ሁለት ጊዜ ሕፃኗን አምጥታ እቅፌ ላይ አኖረችብኝ። በማግስቱ እርሱ ሥራ ሲሄድ ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ ያላደረግሽውን ለምን ትሸከሚያለሽ?»

ዳይፐር ታጣጥፍ ነበር። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች እንዲህ አለችኝ፤ አማርኛዋን ሳላቃና እንዳለ አኖርኩልሽ።

«አባባ፣ እማማ ካወቁ ራሳቸውን በጣም ይጠላሉ። ሶ፣ ያፍራሉ። ያፈረ ሰው ደግሞ አይመጣም። እኔን ከተቆጡ ግን ኦኬ ነው። የተቆጣ ሰው ይመጣል፣ ማለቴ፣ ለመቆጣትም ቢሆን ይመጣል። ይምጡና ይቆጡኝ።»

በመሥሪያ ቤት ብዙ ዓመት የሰውን ጉዳይ ሳደምጥ ኖሬያለሁ፤ አንድ ሰው ስለማያውቃት፣ ስለናቀችውም ሴት፣ ይህን ያህል አርቆ ሲያስብ ግን አልሰማሁም። ዝም አልኳት፤ ዝምታዬን እንደ ቃል ኪዳን ወሰደችው። አሳቧም እንዳሰበችው ቢሄድ ኖሮ ዝም እል ነበር። ባለፈው እሑድ ግን «ደጃፏን አልረግጥም» ስትዪ፣ እርሷ ክብሯን ሰጥታ የገዛችው ነገር በፊቴ ሲጠፋ አየሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ክርስትናው በመጋቢት ነው፤ ቪዛሽም ገና አልተቃጠለም። ነይ። ከመጣሽም ይህን ሁሉ እንደምታውቂ አታሳውቂያት። የይቅርታ ቃል ይዘሽ አትምጪ፤ ያሳፍራታል። ቁጣሽን ይዘሽ ነይ። «አራስ በበረዶ ይወጣል ወይ» ብለሽ ተቆጫት፤ አንገቷን ደፍታ ትሰማሻለች። ከዚያ ልጅቷን ተቀበያት፤ ሌላው ራሱ ይሆናል። ባስልዮስም እውነቱን ከእኔ የሚሰማበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን አንቺ በቤት ውስጥ እንድትኖሪ እፈልጋለሁ።

ታደለች ሰላም ብላሻለች። «ለእትዬ ንገሩልኝ፤ ከእንግዲህ ቴፕ ባየሁ ቁጥር አማትባለሁ» ትላለች።

አደራ ያልሽኝን ሁሉ የጠበቀልሽ አምላክ መንገድሽን ይጥረግልሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የልጅ ልጅሽን ትንፋሽ በአንገትሽ ላይ ያሰማሽ። እኅቶችሽን፣ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በስማቸው ሰላም በዪልኝ።

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ለእኔ መልስ አትጻፊ። በቤቱ ስልክ ደውዪ፤ ቀን ከሆነ የምታነሣው ሊና ናት። ሰላምታ ሳትሰጥሽ በፊት «የት ነዎት?» ብላ ብትጠይቅሽ እንደ ድፍረት አትቁጠሪባት፤ ለደወለላት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነው፤ በቤቷም አልተዋትም። አንቺ ግን ሻንጣሽን ይዘሽ ከደሴ ከወጣሽ በኋላ ደውዪላት፤ «አዲስ አበባ ደርሻለሁ፤ መንገድ ላይ ነኝ» በያት።

አክባሪሽ ባልሽ
ገብረ ሥላሴ